የቢላዋ ድርሻ

ባሌን ሪህ የጀመረው ከአውራ ጣቱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሊነሳ ቀኝ እግሩን መሬት አስነካና መልሶ አልጋው ላይ ወደቀ። ጣቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። እኔ ጊንጥ ነድፎት መስሎኝ አልጋውን ሙሉ አራገፍኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቄራ ውስጥ ቆዳ የገፈፈ ሰው ነው። ጓደኞቹ «ቀልጣፋው» ይሉታል፤ ሌላው ቢላዋውን ስሎ ሳይጨርስ እሱ የአንዱን በሬ ቆዳ ያወርዳል እያሉ። ያ ሰው አንሶላ ሲነካው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። የእንጨት ሳጥን ደፍቼ እግሩን ከሥሩ አስገባሁለትና ብርድ ልብሱን በሳጥኑ ላይ ጣልኩት። ዝንብ ስታርፍበት እንኳ ጥርሱን ይነክሳል።

ጤና ጣቢያ በሰው ትከሻ ሄዶ ክኒን ይዞ ተመለሰ። ምን አሉህ ስለው ውሃ በደንብ ጠጣ አሉኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ በኋላ ቤታችን የገባ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጎረቤት በሙቅ ውሃ ንከሪው ብላኝ የነከርኩት ቀን የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ትንሽ የሚያስተነፍሰው ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ብቻ ነበር። ጨርቁ ሲሞቅ እቀይራለሁ፣ ሲሞቅ እቀይራለሁ፤ ውሎዬ ይኸው ሆነ። ጓደኞቹ መጥተው፣ ይህ የሀብታም በሽታ ነው፣ ቤት ተሳስቶ ነው አንተ ጋ የገባው ብለው ሲቀልዱበት ሳቀላቸው። እነሱ ሲወጡ ደግሞ አለቀሰ።

ስለ ቄራው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ቆዳ ገፋፊዎቹ ሥራ ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው አንድ ኩላሊትና ቁራጭ ጉበት ይወስዳሉ። የቢላዋ ድርሻ ይሉታል። አንዱ ሲታመም ጓደኞቹ ድርሻውን ቤቱ ድረስ ይልኩለታል። ድርሻው እስከመጣ ድረስ መንጠቆው፣ ማለትም የሚሠራበት ቦታ፣ አለ ማለት ነው። የቀረ ዕለት ግን ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ መጥቶ የሚነግር የለም። ሰውን በአፍ ማሰናበት ነውር ነው፣ ድርሻውን ዝም ብሎ ማስቀረት ግን ነውር አይደለም። ይሉኝታቸው እንዲህ ነው።

የእኛን ድርሻ በየማታው የሚያመጣው አጭሬ የሚሉት የሥራ ጓደኛው ነበር። እሱና ሌሎቹ የባሌን ሥራ ተካፍለው እየሸፈኑ፣ ለአለቃው እናቱ ታመውበት ሩቅ ሄዷል ብለውታል። አለቃው እግሩን የሚያመውን ሰው እርጥብ ወለል ላይ አያቆምም። አንድ ሠራተኛ ተንሸራቶ በገዛ ቢላዋው ላይ ወድቆ ከሞተ ወዲህ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

እኔም የመጣውን ኩላሊትና ጉበት ቀቅዬ በእጄ አጎርሰዋለሁ፣ መረቁን ሳይቀር አስጠጣዋለሁ። ይጠንክርልኝ ብዬ። አንድም ቀን እምቢ አላለኝም። እብጠቱ ትንሽ ይጎድልና ተመልሶ ይመጣል። በሦስተኛው ጊዜ ጉልበቱ ላይ ወጣ።

ክኒኑ ሲያልቅ ጤና ጣቢያ ራሴ ሄድኩ። ነርሷ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ በየቀኑ ኩላሊትና ጉበት ነው፣ እኔ ባሌን አላስርበውም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እህቴ፣ ሪህን የሚቀልበው እኮ እሱ ነው» አለችኝ። «ለባልሽ ነግሬዋለሁ። ሁለቴ ነግሬዋለሁ።»

ቆሽቴ አርሮ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ገባኝ። ድርሻው መጥቶ አለመብላት ለእሱ ቢላዋውን መስቀል ነው። ለእኔ እንዳይነግረኝ ደግሞ አፌን ያውቀዋል። ሰምቼ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ በዚያኑ ዕለት አጭሬን በር ላይ ይዤ ሁለተኛ እንዳታመጣ እለው ነበር።

እንዲያ ባደረግሁ ኖሮ። በዕድሜዬ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ያለቦታው። ማታ አጭሬ ያመጣውን ፌስታል ከግቢው በር ተቀብዬ ለድመት ጣልኩት። ባሌ ከውስጥ «መጣ?» ሲል ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አልመጣም» አልኩት። እብጠቱ እስኪጎድል አንድ ሳምንት ልዋሸው፣ ከዚያ እነግረዋለሁ ብዬ ነው። በማግስቱም ጠየቀኝ፣ አልመጣም አልኩት። በሦስተኛው ቀን አልጠየቀኝም። ተወው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ሳጥኑ ወደ ጎን ተገፍቷል፣ ቢላዋው ከተሰቀለበት የለም።

የሆነውን የነገረኝ አጭሬ ነው። ባሌ አንድ እግሩን ጫማ፣ አንዱን ጨርቅ አድርጎ፣ ግድግዳ ይዞ፣ በሥራ ሰዓት ቄራው ገባ። መንጠቆው ለሌላ ሳይሰጥ ባዶውን መቆየቱን እንኳ አላየም። ቀጥ ብሎ አለቃው ጋ ሄዶ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግዬ ሰው ልካችሁ አሰናብተንሃል ማለት አቃታችሁ ወይ አለው። አለቃው ምንም አያውቅም። ሰላም ሊለው ተነሳና «እናትህ ተሻላቸው?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ዓይኑ ወደ እግሩ ወረደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ራሱ ተሸክሞ አመጣለት። ቄራ ውስጥ ወንበር የቀረበለት ሰው ግን ሥራው አልቋል።

አጭሬ ይህን የነገረኝ ባሌን ደግፎ አምጥቶ ካስተኛውና ቢላዋውን ከቦታው መልሶ ከሰቀለው በኋላ፣ በራችን ላይ ቆሞ ነው።

«እትዬ፣ እኔ አንድም ቀን አላስቀረሁም» አለኝ። «በእጅዎ አልሰጠሁዎትም?»

«ሰጥተኸኛል» አልኩ።

ባሌ ከአልጋው ሆኖ ሰማ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ለአጭሬ ደህና ግባ ብቻ አለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድርሻ የሚባል ነገር ቤታችን አልገባም። ክኒኑን ዋጠ፣ ውሃውን ጠጣ፣ በወሩ ጣቱም ጉልበቱም እንደ ድሮው ሆኑ። አንድ ጠዋት በባዶ እግሩ ከአልጋው እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። አላነከሰም። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«እግሬን አዳንሽልኝ» አለኝ፣ በክፋት አይደለም። «አሁን ወዴት ልሂድበት?»

ቤት ውስጥ ይውላል፣ ቢላዋው ግድግዳው ላይ ዝጓል። ማታ ማታ ድመቷ በለመደችው ሰዓት ትመጣና የግቢውን በር እየቧጠጠች ትጮሃለች። ተነስቶ የሚሄደው እሱ ነው። በዳነው እግሩ ይሄድና በሩን ከፍቶ «አልመጣም» ይላታል።