ሠላሳ አንድ ባዶ ቀፎ

ህሊና የጥናቷን አጭር ማጠቃለያ፣ አብስትራክቷን፣ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ተመለሰባት። ጥናቷን ለገምጋሚዎች የምታቀርበው ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ ሆኗል። አማካሪዋ መምህር ሰይፈ ሚካኤል ካልፈረሙላት ሐሙስ የለም፤ ምረቃም የለም።

መምህሩ መቱ ከተማ ባለችው ትንሽ ኮሌጅ አብስትራክት ሲያስተምሩ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነው። «ምን ጠየቅህ? እንዴት ሠራህ? ምን አገኘህ? አንባቢ ሌላውን ገጽ ላይገልጠው ይችላል፤ ይህችን ግን ያነባታል።» ተማሪው ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሄዶ ግማሹን ገጽ በምስጋና ይሞላዋል። እኛ ሰው ማስቀየም አንወድም፤ ወረቀት ላይ እንኳ።

ህሊናም የጠየቀችውንና የሠራችበትን መንገድ አሳምራ ጽፋለች። ያገኘችው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ይያዛል። «ጠቃሚ ግኝቶች ተገኝተዋል» ትልና ታልፋለች።

ምክንያት አላት። ጥናቱ ያዮ አካባቢ ለሠፈሩ ገበሬዎች ከአራት ዓመት በፊት የታደሉ አርባ ዘመናዊ ቀፎዎች ከምን እንደደረሱ ነው። ያደሉት ደግሞ ራሳቸው መምህር ሰይፈ ሚካኤል ናቸው። ህሊና በዚያ ጭቃ ቤት ለቤት ዞራ ቆጠረች፤ ሠላሳ አንዱ ባዶ። ንቡ ያለው ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ በተሰቀለው በድሮው ቀፎ ነው። ቁጥሩን አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ፣ ረጅም ሰንጠረዥ መሀል ሸጉጣዋለች።

«ማል ታቴ?» አለቻት አብራት ቤት የተከራየችው ሴና፣ አንገቷን ደፍታ ብታያት። «ምን ሆነሽ ነው? ጻፊ የሚሉሽ ራሳቸው አይደሉም እንዴ?»

«የቀፎው ፎቶ ቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል እኮ! እንዴት አድርጌ ፊታቸው ላይ ልበለው?»

ቢጨንቃት ከሰዓት ጻፈችው፦ ከአርባው ሠላሳ አንዱ ባዶ ነው። አሳትማ ወሰደችላቸውና ቆማ ጠበቀች።

መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ከገበሬዎቹ የጋሽ ካሚልን ቀፎ አይተሻል?»

«አዎ መምህር። ዶሮ ያስታቅፉበታል።»

«እኔ ስሄድም ዶሮ ነበረችበት።»

«መቼ ነው የሄዱት?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት።»

ህሊና ፍርሃቷ ጥሏት ሄደ፤ በቦታው ንዴት መጣ። ይህን ሁሉ ሳምንት እንቅልፍ ያጣችው ሰውየው ለሚያውቁት ነገር ነው!

«ታዲያ እርስዎ ለምን አልጻፉትም?»

«አንቺ ሦስት ጊዜ ያልጻፍሽው ለምንድን ነው?»

«እርስዎን ፈርቼ ነዋ።»

«እኔም የምፈራው ሰው አላጣሁም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ቀፎው ደርሷል፣ ገበሬው ተጠቅሟል ብዬ ለአለቆቼ ሪፖርት አስገብቻለሁ። ኋላ ሄጄ ሳይ ግን ያልኩትን ማረም አፈርኩ። ርዕሱን የሰጠሁሽም ለዚሁ ነው፤ አንቺ እንድትይው።»

ህሊና አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን አልወጣላትም።

እስክሪብቷቸውን አወጡና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት። «አልፈርምም፤ ይጎድለዋል። ቀፎውን ያደለው ማን እንደሆነ አልጻፍሽም።»

«መምህር፣ ገምጋሚዎቹ ያነቡታል እኮ።»

«እንዲያነቡት ነው የሚጻፈው።»

ህሊና እስክሪብቶውን ተቀበለች። ከቁጥሩ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፈች። እሳቸውም ከሥሩ ፈረሙበት።