የአያ ይርሳው መልሕቅ

«አበባ የምተክልበት መሰለህ እንዴ?» አሉኝ ጎረቤቴ አያ ይርሳው፣ ሲሚንቶ የሞሉበትን ጎማ አይቼ የጤና አዳም ችግኝ ይዤላቸው ብመጣ። ለካ ከእስራኤሉ አሽዶድ ወደብ ሥራቸው ጡረታ ሲወጡ ለገዟት ትንሽ ጀልባ መልሕቅ ኖሯል! በፊት መልሕቅ ያደረጉትን ጎማ፣ ነፋስ የገፋት ጀልባ ጎትታው ከድንጋይ ልትላተም ነበር፤ ነገም ብርቱ ነፋስ አለ።

«ሲሚንቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ያህል ይቀላል፣ አያ። ብረት ግን ብዙም አይቀልም፤ እሱ ይሻላል።»

«አራት ጎረምሳ ማንሣት ያቃተውን ጎማ?»

«ጎረምሶቹ እኮ የሞከሩት በደረቅ መሬት ነው።»

ዓይኔ ወደ በረንዳቸው ሄደ። ከሞተች መኪናቸው የወጣ ሞተር ተጎልቷል።

«እሱንስ አልሰጥም፤ እጠግነዋለሁ!»

ባለቤታቸው ጸሐይ በመስኮት ብቅ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘይቱን አጥበህ ውሰደው። ሰባት ዓመት ከበረንዳዬ ንቅንቅ ያላለ ነገር፣ ለነፋስ ብሎ አይነሣም።»