የሳሌሃ ጾም

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ቡታጅራ ውስጥ የወፈረ ልጅ ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው። የቅቤ ነጋዴው የአቶ ሰማን ልጅ ሳሌሃም እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ «ማሻአላህ» እየተባለች ነው ያደገችው። ከዚያ መምህር ያረጋል ከጎጃም ተመድቦ መጣ።

ክፉ ሰው አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ክረምቱን አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት የምግብ ትምህርት ቀስሞ ተመለሰና፣ ከበርበሬ ነጋዴ ሚዛን ተውሶ ክፍል ውስጥ አቆመ። ሳሌሃን ጠርቶ ሆዷን በአርጩሜው ጫፍ ነካ አደረገ።

«ልጆች፣ ቅቤ ያለ ዕውቀት ሲበላ ይህን ይመስላል። አንቺ፣ በየሐሙሱ ትመዘኛለሽ። እስክትቀንሺ ድረስ እዚሁ ቆመሽ ትማሪያለሽ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ወዲያ ስሟ ቀርቶ «ጎተራ» ተባለች።

ረመዳን ሲገባ መላ አገኘች። «እኔም እጾማለሁ» አለች። እናቷ ሰፍያ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ልጅቷ ማፍጠሪያ ላይ ቆጮውን በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች ለደጁ ውሻ እንደምትጥል ግን አላየችም። በልጇ የምትኮራ እናት ሰሃን አትፈትሽም። ሳሌሃም ከረሃቡ ይልቅ ያን ሳቅ ነበር የምትፈራው።

በረመዳን ሦስተኛው ሐሙስ አራት ኪሎ ቀንሳ ተገኘች። ያረጋል «አያችሁ? ዕውቀት!» ብሎ አስጨበጨበላት። ጭብጨባው ሳያልቅ ከሚዛኑ ላይ ተዘረረች።

ሰፍያ ተጠርታ እየሮጠች ደረሰች።

«ምን አደረግካት፣ አንተ?»

«ሴትዮ፣ ቀስ በይ! ከበሽታ አዳንኳት። አራት ኪሎ የቀነሰችው በኔ ትምህርት ነው!»

«ባንተ? ለአላህ ብላ በጾመችው አንተ ትኮራለህ? አንተን ብሎ አስተማሪ!»

«ይልቅ ቅቤሽን ቀንሺላት!»

ልጅቷ አናት ላይ ቆመው ተናከሱ። ውሃ የረጨባት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዳምጤ ነበር። «ልጄ፣ እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አላት።

«ሦስት።»

ሁለቱም ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ማታ ማታስ?» አለች ሰፍያ።

«ለውሻው ነው የምሰጠው። እዚህ እንዳልቆም ብዬ ነው።»

«ለአላህ አልነበረም?»

ሳሌሃ «አልነበረም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ያረጋል ወደ መስኮቱ ዞረ። ዳምጤ ከኪሱ ቁራሽ ዳቦ አውጥቶ በእጇ አስያዛት።

«ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ?» ሰፍያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የታመመ እንደማይጾም አጥታው አይደለም፤ የጨነቃት ወሬው ነው። «ጎረቤቱን ሁሉ ምን ልበለው? አዋረድሽኝ እኮ!»

ሳሌሃ እናቷንም መምህሩንም ጠላቻቸው። ዓይኗን ከእናቷ ዓይን ሳትነቅል ዳቦውን ጎረሰች።