እናትየዋ ከዚያ በኋላ

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ፈት አፍ አትወድም። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ልትማር ስትል፣ መምህሩ ገና ክፍል ሳይጀመር አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አሸከሟት። «ያነበበ ይገባል፤ ያላነበበ ሌላ ትምህርት ይፈልግ» ብለዋል። እናት ይህን ስትሰማ ወዲያው ፈረደች።

«እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ ታነቢያለሽ። እያነበብሽ በቋንቋችን ትነግሪኛለሽ። የስፌት መኪናዬ የያዘው እግሬን እንጂ ጆሮዬን አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ልጅት ከሰዓት ከሰዓት በጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ አንድ ገጽ ታነባለች፣ አንድ ገጽ ታወራለች። መጽሐፉ አንድ ልጇ ሩቅ አገር ማዕድን ሊቆፍር ስለሄደባት መበለት ነው። እናት ታሪኩን እንደ ጎረቤት ወሬ ያዘችው። የመበለቷን አከራይ «ሆድ የሌላት!» እያለች ስትረግም፣ ሱሪ ሊያስለካ የመጣ ደንበኛ ተገትሮ ይቀራል።

ችግሩ፣ በዚያ ሱቅ ውስጥም የሄደ ልጅ አለ። የልጅት ወንድም በጀልባ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈ። አብረውት የተሳፈሩት ልጆች ወላጆች አልቅሰው እርማቸውን አውጥተዋል። እናት ግን «የሞተ ልጅ የለኝም» ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። የጀመረችለት ኮት እጅጌው ሳይገጠም ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል፤ ሲመጣ ለክቼ እገጥመዋለሁ» ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን መጽሐፉ ውስጥ ጉድጓዱ ተናደ። ልጅት አንብባ ከመጽሐፉ ቀና አለች።

«እህስ? ልጁስ?» አለች እናት።

«ወጣ» አለች ልጅት። «በሌላ ቀዳዳ ወጣ።»

«እሰይ! ብዬሽ አልነበር!»

ውሸት ብቻዋን አትኖርም፤ በማግስቱ እህቷን ትጠራለች። ልጁ ዳነ፣ ሠራ፣ መርከብ ተሳፈረ፣ የእናቱን በር አንኳኳ። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ልጅት ጭራሽ አላነበበቻቸውም። መጽሐፉን ገልጣ ከልቧ ታወራለች። እሷም እህት ናት፤ አንጀቷ አልቻለም። ስትደጋግመው ደግሞ የራሷ ታሪክ እውነተኛው መሰላት።

መምህሩ ተማሪዎችን አንድ በአንድ የሚያነጋግሩበት ቀን ደረሰ። ልጅት ስለ አከራይዋ፣ ስለ መበለቷ ኩራት እንደ ጉድ አወራች። መምህሩ ደስ ብሏቸው ጠየቁ፦ «ልጇ ከሞተ በኋላ እናትየዋ እንዴት ኖረች?»

«በሩን ሲያንኳኳ መጀመሪያ…» ብላ ጀመረች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነው የሚያንኳኳው?»

ክው አለች።

«መጨረሻውን አላነበብሽም» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በቅሬታ። «ነገ ጠዋት ነይ። ይህንኑ ጥያቄ እጠይቅሻለሁ። ካልመለስሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።»

ሱቅ ተመልሳ ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ መጽሐፉን ገለጠች።

«ዛሬ ምነው ለብቻሽ?» አለች እናት። «ልጁ ገብቶ የለ? ምን ቀረው?»

«ፈተና ነው እማዬ። ለራሴ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«የኔ ልጅ፣ ከጉድጓድ ወጣ ያልሽኝ ቀን ዓይንሽ መጽሐፉ ላይ አልነበረም። ኮቱ ላይ ነበር።»

ልጅት ወደ እናቷ ዞረች። «አውቀሽ ነው? ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ሲመጣ ደስ አለኛ! ምን ላድርግ? የሌላ ሰው ልጅ እንኳ ቢሆን፣ አንድ ልጅ ቤቱ ሲገባ ልስማ ብዬ ነው።»

ልጅት አለቀሰች። እናት አላለቀሰችም። ተነስታ ኮቱን ከሚስማሩ አወረደች፣ አቧራውን በመዳፏ አራገፈች፣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሁለቴ ሳተች፤ በሦስተኛው ገባላት።

«በይ እንግዲህ» አለች። «አንድም መስመር ሳትዘዪ አንብቢልኝ። ያቺ ሴትዮ፣ ልጇ ከሞተ በኋላ እንዴት ኖረች?»

ልጅት እንባዋን ጠርጋ ጉድጓዱ የተናደበትን ገጽ ፈልጋ አገኘች፤ እየተረጎመች ማንበብ ጀመረች። እናት የመለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ሳትለካ፣ የኮቱን እጅጌ ትገጥም ጀመር።