ስህተት አልተገኘም

እናቷን በቀበረች በዐሥራ አንደኛው ቀን ሥራ ገባች። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሳምንት ልጨምርልሽ ብሏት ነበር። እሷ ግን ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ከምታይ ቢሮ ተቀምጣ ስክሪን ብታይ ይሻላል ብላ መጣች። ባልደረቦቿ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛዋ እየመጡ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። እሷም «አሜን» አለች። ሁሉም ወደየወንበሩ ተመለሰ። ከቀብሩ በፊትም ሆነ በኋላ አላለቀሰችም። ታናሽ ወንድሟ በዚህ ተቀይሟታል።

ቢሮው ለሆስፒታሎች ሶፍትዌር ይሠራል። እሷን የሚጠሯት «ወንፊት» እያሉ ነው፤ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ነፍታ ግርዱን የምታስቀረው እሷ ናትና። የምትነፋው ግን በእጇ አይደለም፤ የመፈተሻ ፕሮግራም አለ። መፈተሻው ኮዱን መስመር በመስመር ያነብና «እዚህ ጋ ቁጥር ሲጠበቅ ጽሑፍ ገብቷል»፣ «ይሄኛው መስመር መቼም አይሠራም» እያለ ያስጠነቅቃል። የእሷ ሥራ መፈተሻውን ማሰናዳትና ያጠፋውን ሰው እስኪያስተካክል መጨቅጨቅ ነው።

የዚያን ሳምንት የደረሳት የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ፕሮግራም ነበር። የተጻፈው በሁለት የኮድ ቋንቋ ነው። ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ከሃያ ዓመት በፊት በአሮጌ ቋንቋ ተጽፏል፤ የጻፉት ሰውዬም ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ሐኪሞቹ የሚያዩት ስክሪን ደግሞ በአዲሱ ቋንቋ ነው። መፈተሻው በየጠዋቱ ይሠራና «ስህተት አልተገኘም» ይላል። ለዓመታት እንዲሁ ሲል ኖሯል።

ሌላ የምታነበው ስላልነበራት ከዚያ ቃል በታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበች። መፈተሻው ያነበበው አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ግን ስድስት መቶ አርባ ፋይል አለው።

አጠገቧ የሚቀመጠውን፣ በክርክሩ «ሙግቱ» የተባለውን ባልደረባዋን ጠራችው።

«አሮጌውን ቋንቋ አያውቀውም» አለችው። «ሲያገኘው ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

ሙግቱ አጎንብሶ አየ። «አማቴን ነው የሚመስለው። ያልገባትን ነገር ሁሉ ‹ጥሩ ነው ልጄ› ነው የምትለው።»

መሳቅ እንዳለባት ታውቅ ነበር። ፈገግ አለችለት።

ለአሮጌው ቋንቋ ሌላ መፈተሻ ፈልጋ አገኘች። ሁለቱን አብሮ ማሠራት ግን ሁለት ቀን ፈጀባት። አንዱ መስመር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ ሌላው ከአንድ። አንዱ ሪፖርቱን በአንድ ፋይል ያወጣል፤ ሌላው በየፋይሉ ይበትነዋል። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተስማምተው ሲሠሩ አራት ሺህ አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ማስጠንቀቂያ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ ቆሞ ቁጥሩን አየና ጭንቅላቱን አከከ። «ይሄን ሁሉ ማን ያነበዋል? የአሮጌውን አጥፊውና በድሮው እንቀጥል።»

«እኔ አነበዋለሁ።»

«አንቺ እኮ አሁን…»

«አነበዋለሁ» አለች በዚያው ድምፅ።

አነበበችው። አብዛኛው እዚህ ግባ የማይባል ነበር፤ ያለ ቦታው የገባ ክፍተት፣ ስም ተሰጥቶት ማንም ያልተጠቀመበት ነገር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያንገሸግሻት ነበር። አሁን ግን አንዱን ከሌላው የሚለይ ስሜት ስላልነበራት ሁሉንም እኩል አየችው። የገባት ነገር ማስጠንቀቂያዎቹ ውስጥ አልነበረም። የአዲሱ ቋንቋ መፈተሻ አዲሱ ክፍል ሲያልቅ ይቆማል፤ የአሮጌው ደግሞ አሮጌው ሲጀምር ይጀምራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውን የሚያይ የለም።

ስለዚህ የሚሻገረውን ሁሉ በዝርዝር ጻፈች፤ ምን እንደሚላክ፣ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ፣ በምን እንደሚለካ። ከዚያ ሁለቱም መፈተሻዎች የየራሳቸውን ወገን ከዝርዝሩ ጋር እንዲያስተያዩ አደረገች። በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ክብደት ይላል።

ስክሪኑ የታማሚውን ክብደት ከነነጥቡ ይልካል። አሮጌው ክፍል የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ይጥለዋል። ሦስት ነጥብ ስምንት ኪሎ የሆነ ሕፃን መድኃኒቱ የሚሰላለት እንደ ሦስት ኪሎ ነው። ሰባ ኪሎ በሆነ ሰው ላይ ይህ አይታወቅም። በዚህ ሕፃን ላይ ግን ከመድኃኒቱ አንድ አምስተኛው ይጎድላል።

ክብደቱን የሚቀበለውን መስመር ማን እንደጻፈው የኮዱን ታሪክ ከፍታ አየች። የራሷ ስም ነው፤ ያኔ ወደ ፍተሻ ሳትዛወር ኮድ ትጽፍ ነበር። ቀኑ ከአራት ዓመት በፊት፣ እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የገባችበት ማክሰኞ ነው። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለች የጻፈችው ነው።

ልቧ ክው ሊል በተገባ ነበር። ጠበቀችው። ምንም አልመጣም። ስልኩን አንስታ ፕሮግራሙን የሚጠቀመው ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ደወለች። ያነሱት የክፍሉ ፋርማሲስት ናቸው፤ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ጠና ያሉ ሴት። ነገሩን አስረዳቻቸው።

«እናውቀዋለን እኮ ልጄ» አሉ ፋርማሲስቷ። «ሁለት ጊዜ ጽፈንላችኋል። ‹ፕሮግራሙ ተፈትሿል፤ ስህተት አልተገኘም› ብላችሁ መለሳችሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ በእጄ ነው የማሰላው።»

«እርስዎ በማይኖሩበት ቀንስ?»

«የእኔን አውቃለሁ። በሌለሁበት ቀን የሆነውን አላውቅም።»

«መዝገቡን ያዩልኛል?»

«አየዋለሁ። ዛሬ እጀምራለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባችና ነገረችው። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ለሆስፒታሉ ከመንገራችን በፊት እስቲ ቁጭ ብለን እንምከር።»

«ደውያለሁ።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«ማንንም። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ ስሜ ይግባ።»

ትክ ብሎ አያት። ሊቆጣ ፈልጎ ሐዘንተኛ መሆኗን አስታውሶ የተወው ይመስላል። ለእሷ ግን ቢቆጣም ባይቆጣም ለውጥ አልነበረውም።

እርማቱ አንድ ቃል ነበር። መሞከሩ አራት ቀን ወሰደ። በአምስተኛው ቀን ፋርማሲስቷ ደወሉ። በአራት ዓመት ውስጥ መጠኑ ጎድሎ መድኃኒት የተሰጣቸው ሁለት ሕፃናት ተገኝተዋል። አንዷ በሁለት ሳምንት ፈንታ አምስት ሳምንት ተኝታለች። ሌላው ድኖ ከወጣ በኋላ ታሞ ተመልሷል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። ሆስፒታሉ ለወላጆቻቸው ይነግራል። «ኋላ በአሉባልታ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ» አለች። ወረቀት ላይ ሁለት ብላ ጻፈች። ከዚያም አምስት ሳምንት ብላ ጻፈች። እናት ትሆን አባት፣ ኮሪደሩ ላይ ማን ተቀምጦ እንደነበር አሰበች።

የተስተካከለው ፕሮግራም የተጫነ ቀን ራሷ ሆስፒታል ሄደች። ፋርማሲስቷ አጭር፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ሆነው አገኘቻቸው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ አስገቡ፤ አራት ነጥብ ሁለት ኪሎ። ስክሪኑ መጠኑን አወጣ። ፋርማሲስቷ አላመኑትም፤ እስክሪብቶ አንስተው ቁራጭ ወረቀት ላይ አሰሉ። ልክ ነው።

«እንግዲህ እኔ መተዌን እንጃ» አሉ። «እጄ ለምዷል።»

«አይተዉት» አለች።

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ግን ደህና ነሽ? ቀለምሽ ልክ አይደለም።»

«እናቴ ሞታለች» አለች። ሰው ሁሉ ሰምቶ ስለሚመጣ እስከዚያ ቀን ራሷ ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ወሬ መሰላት።

«መቼ?»

«ወር ሊሆናት ነው።»

ፋርማሲስቷ መድኃኒት የተደረደረበትን ወንበር ባዶ አደረጉና በእግራቸው ገፋ አድርገው አቀረቡላት። ተቀመጠች። በመስኮቱ በኩል አንዲት ነርስ ሌላ ትእዛዝ አቀበለች። ፋርማሲስቷ ክብደቱን ጮክ ብለው አነበቡ፤ አስገቡ፤ ወረቀቱን ሳቡ። እሷም ከወንበሩ ሳትነሣ ቁጥሩን በልቧ አብራ ታሰላ ጀመር። እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ተቀመጠች። ሂጂ ያላት አልነበረም።