ሰማያዊ ሆነው የተገኙት ተዋጊዎች

ዳኛው የዓይኑ ፋሻ በተነሣ ማግስት የመስታወት ቁም ሣጥኑን ከፈተና ክው ብሎ ቀረ። ውስጡ ያሉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች አምሳያ ናቸው፤ ክንፋቸውን በወረንጦ እያጣበቀ፣ ግራጫ ቀብቶ የደረደራቸው። አሁን ግን ሁሉም ሰማያዊ ናቸው። ወደ ሰማያዊ ያደሉ ቢሆኑ እንኳ ደግ ነበር፤ እነዚህ እንደ ልብስ ሳሙና ዓይን ያወጡ ሰማያዊ ናቸው።

ሰው ነካክቷቸዋል ብሎ ሚስቱን ተጣራ። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ድሮም እንዲሁ ነበሩ አለችው።

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬህ ነበር። ስፌትሽን ስፊ አልከኝ።”

ዳኛው የሚለውን ስም ያወጡለት የአምሳያ ሠሪዎች ማኅበር አባላት ናቸው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ፣ አዲሱን ጥርስ ከአሮጌዎቹ ጋር በቀለም አንድ ሲያደርግ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ በቀለም ነገር እሱ አለ ማለት አለቀ። ማስረጃም አለው፤ ከወደቀ አውሮፕላን አካል የተቆረጠ፣ መዳፍ የሚያህል ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ለእሱ ቢጫ ሆኖ ይታየው ነበር። ቢጫው የእርጅና ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹሕ ግራጫ ነበር እያለ፣ ዓይኑ እሺ እስኪል ድረስ በሚበጠብጠው ቀለም ላይ ሰማያዊ ጠብ ያደርግ ነበር። ያረጀው ቆርቆሮው ሳይሆን የገዛ ዓይኑ ነው ብሎ ማን ደፍሮ ይንገረው? አሁን በቀዶ ሕክምና የተነሣለት፣ ሁሉን ቢጫ የሚያስመስለው የዓይን ሞራ እንደሆነ አንኳኩቶ አይገባም።

የደፈረ አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ። ወንድሙ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀቢ ነው፤ የተጋጨ በር ቀብቶ ሲጨርስ ባለቤቱ እንኳ የቱ በር እንደተጋጨ አይለይም። አምና ለማኅበሩ ውድድር ያመጣው አውሮፕላን ልክ እንደ ቆርቆሮው ነበር፤ ለስለስ ያለ ቅጠልያ ጣል ያለበት ግራጫ። ዳኛው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንሥቶ አገላበጠውና፣ “ይሄ ሻጋታ ነው። ዓይንህ ከድቶሃል” አለው። ሰዉ ሳቀ። ወንድሙም ትንሽ ሳቀና አውሮፕላኑን ካርቶን ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ረግጦ አያውቅም። ዳኛውም ይኩረፍ፣ ሲበርድለት ይመጣል ብሎ ተወው።

አሁን ቆርቆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ። ግራጫ ነው፤ ለስለስ ያለ ቅጠልያ ጣል ያለበት። ሐኪሙ ያዘዘለትን ጥቁር መነጽር እንኳ ሳያደርግ፣ አንዱን አውሮፕላን በፌስታል ይዞ ወጣ። መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ቃል ሲመርጥ ሄደ። በማኅበሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ የአምናውን ሽልማት ለእሱ አሰጣለሁ እያለ ራሱን ሲያጽናና ጋራዡ ደረሰ።

ቀለም ክፍሉ ውስጥ የማያውቀው ሰው በር ይቀባል። ስለ ወንድሙ ሲጠይቀው ወደ ጓሮ ጠቆመው። ወንድሙ የጎማ ቦት ተጫምቶ፣ የመኪና ሆድ በውኃ እያጠበ ነው።

ዳኛው ደንግጦ ሰላምታውን ረሳው። አውሮፕላኑን አውጥቶ መኪናው ላይ አስቀመጠና ምን ቀለም እንደሆነ ጠየቀው። ወንድሙ ገና ሲያየው ፊቱን አዞረ።

“ተወኝ እባክህ ጋሼ። ለእኔ ሰማያዊ ነው የሚመስለኝ። የእኔ ዓይን ደግሞ እንደማይታመን አንተው ነግረኸኛል።”

ከዚያ ውድድር በኋላ ወንድሙ የገዛ ዓይኑን ማመን ተወ። በበጠበጠው ቀለም ሁሉ ይጠራጠራል፤ የሰው መኪና ከማበላሸቴ በፊት ብሎ፣ ማጠቢያ እንዲያዛውሩት አለቃውን ራሱ ለመነ። ይህን ሲናገር ቅያሜ እንኳ የለበትም።

“ሐኪም ጋ አልሄድክም?” አለ ዳኛው።

“ሄጃለሁ። ዓይንህ ጤነኛ ነው አሉኝ። እነሱ ስለ ቀለም ምን ያውቃሉ? እኔ ያመንኩት አንተን ነው።”

ዳኛው በመንገድ ሲመርጠው የመጣው ቃል ሁሉ ድራሹ ጠፋ። አፉን ከፈተ፤ ድምፁ በውኃው ጩኸት ተዋጠ። ወንድሙ ቧንቧውን ዘጋ።

“ምን አልክ?”

“ሰማያዊ ነው። የከዳው የእኔ ዓይን ነበር።”

ወንድሙ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አውሮፕላኑን አነሣ። ብርሃን ላይ አድርጎ ክንፉን፣ ሆዱን፣ ጭራውን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መኪናው ላይ መለሰው።

“ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ” አለ።