መንታዎቹ ቦቃዎች

ይሄው ስንት ዓመት አለፈ፣ ንዴቱ አልወጣልኝም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው «ጸልይበት» አሉኝ። እጸልያለሁ፤ አልወጣም።

ሸማ ሠሪ ነኝ። የሽመና ጉድጓዴ ጉለሌ ላይኛው ጫፍ፣ ከጎረቤቴ ከደበላ አጥር ጥግ ስለሆነ የዚያ ግቢ ነገር ሁሉ ይሰማኛል። የደበላ በግ መንታ ወንድ የወለደች ለታም የሚስቱን የሾዴን እልልታ ሰምቼ ነው ብቅ ያልኩት። ሁለቱም ዳማ፣ ሁለቱም ግንባራቸው ላይ ነጭ ያለባቸው ቦቃዎች ነበሩ። ጡት ሲተዉ ደበላ አንዱን ለጉልላት ሰጠው። ጉልላት የደበላን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው፤ ለአበልጅ ደግሞ ምን ይሰሰታል?

የጉልላት ሚስት ብርቅነሽ ጠላ ትጠምቃለች። የእሷ ቦቃ ጓሮ ታስሮ አተላ እየጠጣ አደገ፤ ላቱ ሰፋ፣ ጀርባው ተዘረጋ፣ ጠጉሩ አጥሮ አብረቀረቀ። ወንድሙ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያገኛትን ሣር እየለቀመ ከሳ፤ ጠጉሩ ግን ረዝሞ ተንዠረገገ።

በግ እንዲህ ነው፣ ቦታው ያበጀዋል። ከእረኛም ከሬዲዮም እየሰማሁ ያጠራቀምኩት ነው፦ ጮማው ለልጅ አይወረስም፤ የሚወረሰው መቻሉ ነው። ሲያገኝ መስፋት፣ ሲበርደው ጠጉር ማብቀል መቻሉ። ያልቻለ ግልገል ክረምቱን አያልፍም፣ የቻለው ይወልዳል። ቆይቶ፣ ብዙ ትውልድ አልፎ፣ ገና ብርዱ ሳይነካው ጠጉር ይዞ የሚወለድም ይመጣል ይባላል። የደበላ መንጋ ከአባቱ ጀምሮ ዳገቱ የመረጠው ነው። ቦቃዎቹ ሁለቱም ከዚያች አንዲት እናት ወርሰዋል።

ከዚያ ቀበሌው የበግ እርባታ ማኅበር አቋቋመ። የደበላ መንጋ የማኅበሩ ሆነ፣ ደበላም እረኛው። ሊቀመንበሩ ስለሺ፣ ድሮ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጥ ሰው፣ ዘር ይሻሻል ብሎ በግንቦት ወንድ በጎቹን ሁሉ ቀበሌ ግቢ አሰለፈ። ጨርቅ እንደሚመርጥ በዓይኑ መረጠ። የጉልላት በግ አውራ ይሁን፣ ከሲታው ሁሉ ይኮላሽ አለ። ደበላ ቀርቦ መንታ መሆናቸውን፣ ልዩነቱ አተላው ብቻ መሆኑን አስረዳው።

«ይሄ ርሀብተኛ ከዚያ ጋር አንድ ማኅፀን?» አለ ስለሺ። «አተላውን አንተ ነህ እንዴ የጠጣኸው?»

ተሳቀ። ለጉልላት ተጨበጨበለት። ጉልላት ገመዱን ይዞ ፈገግ አለ። የደበላን በግ እዚያው አኮላሹት።

የሰባው አውራ ተብሎ ዳገት ወጣ። ክረምቱ ገባ። ያ ላት ሟሸሸ፣ ጠጉሩ ረዝሞ ወረደ፣ እግሩ ደነደነ። መስከረም ሲጠባ ቁርጥ ወንድሙን ሆነ። ስለሺ ለአብዮት በዓል ሊያሳየው ፈልጎ ወጣና አየው። ወዲያው ደበላን አሳሰረው፦ የሰባውን ሸጎሌ ገበያ አውርዶ ሸጦ፣ የራሱን ከሲታ ተክቶበታል፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። በዚያን ጊዜ በዚህ ቃል የተወሰደ ሰው መመለሱን የሚያውቅ አልነበረም።

ሾዴ እስር ቤት ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። ስብሰባ ተጠራ። ጉልላት ተነስቶ በጉ የእሱ መሆን አለመሆኑን እንዲናገር ተጠየቀ። ሾዴ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «አበልጄ፣ የእናታቸውን ነገር ንገራቸው» አለችው።

ጉልላት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ... ማለቴ፣ እኔ ያስረከብኩት የሰባ ነው» አለና ተቀመጠ።

ሾዴ ተነሳች። ወጥታ ሁለቱንም ቦቃዎች በቀንዳቸው እየጎተተች መጣችና ስለሺ ፊት ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የኛን በግንቦት እርስዎ ራስዎ አስኮላሽተውታል፣ ይኸው። ተተካ ያሉትን ደግሞ ጎንበስ ይበሉና ይዩት። ሙሉ ነው። ባሌ ምኑን ሰርቶ ቀጠለበት?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከኋላ አንዱ አላስቻለውም፣ ሳቁ አመለጠው። ስለሺ ጠቆረ። ጎንበስ ብሎ አየ። ደበላ ይፈታል አለ። በቃ ብዬ አማተብኩ። ለካ አልጨረሰም።

«እንግዲያው ዘሩ ራሱ ከሲታ ነው። ይሄም ይኮላሽ። ጉልላት፣ እግሩን ያዝ።»

ጉልላት ያዘ። ተንበርክኮ፣ ግጥም አድርጎ ያዘ።

ሾዴ አጠገቡ ቆመች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ልጄን ከመጠመቂያው የተቀበልክበት እጅ ነው ይሄ» አለችው።

ጉልላት እግሩን አለቀቀም።

ደበላ በማግሥቱ ተፈታ። በዚያው ሳምንት ስለሺ ሸጎሌ ወርዶ ከቆላ የመጣ አውራ መርጦ አመጣ፤ ጮማ፣ ጠጉሩ ከቆዳው የተጣበቀ፣ አያት ቅድመ አያቱ ውርጭ ያላዩ። ደበላ ተረከበ። ሾዴ ደጅ ቆማ ታያለች፣ እኔም ከጉድጓዴ ወጥቼ። በጉን ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ጠጉሩን ወደ ኋላ ዳበሰው፣ ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለ።

«ይሄ ሲሞት» አላት፣ «ስንቅ አታዘግዪ።»

በጎቹን ወደ ዳገቱ ነዳቸው።